አረንጓዴውን ምልክት አትመኚው፦ ቪኤምዌር ቱልስን በስክሪፕት ስለመፈተሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «መቶ ምናምን ቪኤም አለን። ቪኤምዌር ቱልሱን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው የማየው። ኦዲት ሊመጣ ስለሆነ አለቃዬ ሪፖርት አምጪ ብሎኛል። በስክሪፕት ይሆናል ወይ?» ነው ያልሽው። እንዴታ! (ቪኤም ማለት በአንድ ሰርቨር ውስጥ የሚሮጥ ምናባዊ ኮምፒውተር ነው፤ ቪኤምዌር ቱልስ ደግሞ በውስጡ የሚጫን ረዳት ሶፍትዌር ነው።) እኔም የምሠራበት ቦታ ይኸው ሥራ የእኔ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ቀላሉን ልጨርሰው። ፓወር ሲኤልአይ ጫኚ፤ ቪኤምዌርን በስክሪፕት የምታዢበት መሣሪያ ነው። ቪሴንተር (ሁሉንም ማሽን የምታስተዳድሪበት ሥርዓት) ላይ ሪድ ኦንሊ፣ ማለትም የማየት፣ መብት ብቻ ያለው አካውንት ይከፈትልሽ። ለማየት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። በአድሚን አካውንት የሚሮጥ የሪፖርት ስክሪፕት ራሱ የኦዲት ጥያቄ ይሆንብሻል። ፓስዎርዱን ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፊ፤ ፓወር ሲኤልአይ ዊንዶውስ ላይ የራሱ ማስቀመጫ አለው።

ብዙ ሰው «ጌት ቪኤም» በሚለው ትእዛዝ ይጀምራል። ይሠራል፣ ግን ማሽኑ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። «ጌት ቪው» ብለሽ የምትፈልጊያቸውን ፕሮፐርቲዎች ብቻ ብትጠሪ በጣም ይፈጥናል። ሌላም ጥቅም አለው። «ጌት ቪኤም» ቴምፕሌቶችን (አዲስ ማሽን የሚቀዳባቸውን መነሻዎች) አያሳይሽም፣ «ጌት ቪው» ግን ያመጣቸዋል። ቴምፕሌቱ አሮጌ ቱልስ ከያዘ ከሱ የሚወለደው ማሽን ሁሉ አሮጌ ነው። አንቺ ከታች ታጸጃለሽ፣ እሱ ከላይ ያቆሽሻል።

አሁን ወደ ዋናው። ቪሴንተር ስለ ቱልሱ ሁኔታ የሚነግርሽ ነገር አለ፦ «ከረንት»፣ «ኒድ አፕግሬድ»፣ «ኖት ኢንስቶልድ» ወዘተ። ሪፖርትሽን በዚህ ላይ ብቻ ከሠራሽ ጉድ ነው። «ከረንት» ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም። ማሽኑ ያለበት ሆስት (ቪኤሞቹን የሚሸከመው ሰርቨር) ከያዘው የቱልስ ፓኬጅ ጋር እኩል ነው ማለት ብቻ ነው። ሆስቱ አሮጌ ከሆነ አሮጌው ቱልስም አረንጓዴ ነው።

ለምሳሌ ከሪፖርት ላይ እንዲህ ያለ መስመር ታገኛለሽ፦ የደመወዝ ሰርቨር፣ ሆስቱ ኢኤስኤክስአይ (የሆስቱ ሶፍትዌር) 6.7፣ ሁኔታው «ከረንት»፣ ቨርሽኑ 10346። ሲያዩት ሰላም ነው። ግን 10346 ማለት 10.3.10 ነው። የ6.7 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ላይ አብቅቷል። ይኸው ማሽን በቪሞሽን (ሳይጠፋ በሚያዛውረው ዘዴ) ወደ አዲስ ሆስት ቢዛወር ውስጡ ምንም ሳይነካ በማግስቱ «ኒድ አፕግሬድ» ይላል። በተቃራኒው አዲስ ቱልስ በእጅሽ ከጫንሽ «ሰፖርትድ ኒው» ይልሻል፤ እሱን ስታዪ እንዳትደነግጪ፣ ደህና ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ራሱን ሰብስቢ። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር በ1024፣ ሁለተኛውን በ32 አባዢ፣ ሦስተኛውን ደምሪበት። 12.5.1 ከሆነ 12288 ሲደመር 160 ሲደመር 1፣ ማለትም 12449። ከዚያ መነሻ ወለልሽን ስክሪፕቱ አናት ላይ በአንድ መስመር አስቀምጪ፤ ከሱ በታች የሆነ ሁሉ ቀይ ነው። ወለሉን የሚወስነው ሆስቱ ሳይሆን የደኅንነት ማስጠንቀቂያው ነው። 12.5.1ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 የወጣውን ሲቪኢ-2025-22230 (ሲቪኢ ለታወቀ የደኅንነት ክፍተት የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው) የተባለውን የዊንዶውስ ቱልስ ክፍተት የዘጋው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ወጥተዋል፤ ሪፖርቱን በምትሠሪበት ቀን የመጨረሻውን አይተሽ ቁጥሩን ቀይሪ። «ቱልስ ምን ያደርጋል፣ ድራይቨር ብቻ አይደል?» ለሚልሽ እ.ኤ.አ. የ2023ን ጉዳይ ንገሪው። ሲቪኢ-2023-20867 ነው። ዩኤንሲ3886 የተባለው የሰርጎ ገቦች ቡድን ሆስቱን ከያዘ በኋላ፣ በዚሁ ቱልስ በኩል ያለ ፓስዎርድ በጌስቱ (በቪኤሙ) ውስጥ ትእዛዝ ሲያስኬድ ነበር።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ያለው ኦፕን ቪኤም ቱልስ ነው፣ ቪሴንተርም «አንማኔጅድ» ይለዋል። ይህ ስህተት አይደለም፤ የሚያድሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው ማለት ነው። አንዳንድ አሮጌ ማሽን ላይ 2147483647 የሚል ቁጥር ብታዪ ቨርሽን እንዳይመስልሽ። ደግሞ ሬድ ሃትና ኡቡንቱ የደኅንነት ጥገናውን ወደ አሮጌው ቨርሽን መልሰው ስለሚያስገቡ ቁጥሩ ሳይለወጥ ክፍተቱ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሊኑክሶቹን ከቪሴንተር አትፍረጂባቸው። በአንሲብል (ብዙ ማሽን ላይ በአንዴ ትእዛዝ በሚያስኬደው መሣሪያ) ገብተሽ የፓኬጁን ሙሉ ስም ከነመልቀቂያ ቁጥሩ ጠይቂ።

ያልበሩ ማሽኖችንም ለይተሽ አስቀምጪ፤ እነሱ ላይ ቱልሱ ቢጫንም እየሠራ አይደለም። «እየሠራ አይደለም» እና «አልተጫነም» አንድ አይደሉም። ሁለቱን የቀላቀለ ሪፖርት ይዞ አለቃ ፊት መቆም ጣጣ ነው።

ማደሱን በተመለከተ አትቸኩዪ። መፈተሹ በየሌሊቱ በራሱ ይሂድ፤ ማደሱ ግን ሰው ባለበት ይሁን። «አፕዴት ቱልስ» የሚለው ትእዛዝ ሪስታርት አታድርግ የሚል አማራጭ ቢኖረውም፣ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ሲቀየር ግንኙነቱ ለአፍታ ይቋረጣል። ዳታቤዝ ላይ ያቺ አፍታ ስልክ ታስጮሃለች። አስቸኳይ ላልሆኑት «ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ይታደስ» የሚለውን ፖሊሲ መምረጥ ይበቃል። ሰዓቱንም ስታሳውቂ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ጻፊው። «በ8 ሰዓት» ብለሽ ከላክሽ ግማሹ ቡድን ከሌሊቱ 8 ይጠብቃል፣ ግማሹ ጠዋት ቢሮ ሲገባ።

ሪፖርቱ ሙሉ ዝርዝር ሆኖ በየቀኑ ኢሜል ከመጣ በሳምንቱ ማንም አይከፍተውም። ከትናንቱ ጋር አወዳድረሽ የተለወጠውን ብቻ ላኪ። ሙሉውን ለኦዲተሩ ፋይል አድርጊ።

አንድ የኛ ነገር ልጨምር። የማሽኑን ባለቤት ቪሴንተር ውስጥ ባለው ኖትስ (የማስታወሻ ቦታ) ላይ በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ፣ በዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 ወደ ሲኤስቪ ስታወጪ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 በይው። ፓወርሼል 7 ላይ ደግሞ ዩቲኤፍ 8 ከነቦም (utf8BOM) የሚለውን ምረጪ፣ አለበለዚያ ኤክሴል ያበላሽብሻል።

ሊኑክስሽ ብዙ ከሆነ ስንት እንደሆነና የትኛው ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የአንሲብሉን ክፍል ለብቻ እልክልሻለሁ።