ቢራቢሮ እንዲቆይ አባጨጓሬውንም ያብሉ

«በበጋ ጓሮዬ በአበባ ሞልቶ ቢራቢሮዎቹ ለምን ቶሎ ይሄዳሉ? ሃሚንግበርድ የምትባለው ትንሽ ወፍስ በምን ትመጣለች?» ላሉት፦

አበባው የሚመግበው ያደገችውን ቢራቢሮ ብቻ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ግን ልጆቿ የሚበሉት ቅጠል ላይ ነው። ሞናርክ የተባለችው ቢራቢሮ አባጨጓሬ ሚልክዊድ ከሚባሉት የተክል ዝርያዎች ሌላ አይበላም። ጥቁሯ ስዋሎውቴይል የምትባለው ቢራቢሮ ደግሞ እንስላልና ፓርስሊ ላይ ትጥላለች። ስለዚህ ቅጠሉ ተበሳስቶ ቢያዩ ደስ ይበልዎት እንጂ መርጫ አያንሱ። እውነቴን ነው፣ ፀረ ተባይ የሚረጭበት ግቢ ውስጥ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ቢራቢሮ አርፋ ስለምትመገብ እንደ ዚኒያ ያለ ሰፋ ያለ አበባ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይትከሉላት። ሃሚንግበርድ ግን አየር ላይ ቀጥ ብላ እየተንሳፈፈች ነው የምትቀስመው። ረጅም፣ ቱቦ መሳይ አበባ፣ በተለይ ቀይ ሳልቪያ፣ ይስማማታል። በነገራችን ላይ ወፏ ያለችው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው።

ለሃሚንግበርድ መመገቢያ ከሰቀሉ 1 እጅ ነጭ ስኳር በ4 እጅ ውሃ ይበጥብጡ። ማር አይሆንም፤ ቀይ ቀለምም አያስፈልግም። ሙቀት ሲበረታ በየ2 ቀኑ አጥበው ይቀይሩት። ከደፈረሰ ግን ቀኑን ሳይጠብቁ ይድፉት።