እጅን ድጋሚ ማውጣት፦ ለወሎ ልጆች

ሰላም ናችሁ ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ ወሎ የወረዳ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ በመያዝ ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ነኝ። ወጣቶች "ተመራጮቻችን መንግስትን አይጠይቁም" ስትሉ እሰማለሁ፣ እውነታችሁን ነው ግን እኔ የታዘብኩት ትልቁ ችግር አንዴ ጠይቆ ቁጭ ማለት ነው።

ምን መሰላችሁ፣ ተመራጩ ይነሳና "የውሃ ችግራችን መቼ ነው የሚፈታው?" ይላል፣ ኃላፊው "ትኩረት ተሰጥቶት እየተሰራ ነው፣ ተጠናክሮ ይቀጥላል" ይላል፣ አፈ ጉባኤው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋል፣ እኔም እፅፋለሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ ያው ጥያቄ ያው መልስ። ሸጋ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ "ባፀደቅነው በጀት ላይ ለዚህ ቀበሌ ጉድጓድ ብር ተይዞ ነበር፣ ከሱ ስንቱ ወጣ፣ ፓምፑ ተገዝቷል ወይ፣ ከተገዛ የት ነው ያለው፣ ኃላፊነቱስ የማነው?" ይሄን በ"እየተሰራ ነው" ማለፍ ይከብዳል። ካለፈም እጅን ድጋሚ ማውጣትና "ጥያቄዬ አልተመለሰም" ማለት ነው። እንዲህ የሚሉ ብዙ አላየሁም፣ ያየኋቸውን ግን እስከዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ስልጣኑ እንደሁ በሕግ ተፅፏል። በ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀፅ 55 የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌላውንም የፌዴራል ባለስልጣን ጠርቶ መጠየቅ፣ አሰራሩንም መመርመር ይችላል፣ አንድ ሶስተኛው አባል ከጠየቀ ደግሞ ለአስፈፃሚው በተሰጠ ማንኛውም ጉዳይ ላይ ይወያያል። አንቀፅ 54 የተመራጩ ተገዥነት ለሕገ መንግስቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል፣ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው አስተያየትም አይከሰስም። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ የለም፣ ደጋግማችሁ አንብቡት። በተግባር ግን ዕጩ የሚያደርገው ፓርቲው ስለሆነ፣ የሚጠየቀው ባለስልጣንም የዛው ፓርቲ አለቃ ስለሚሆን ሰውየው ፈርቶ ጥያቄውን ያለሰልሰዋል፣ ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

የአዋሽ ኮምቦልቻ ሃራ ገበያን ባቡር ውሰዱ፣ ሀዲዱ ተነጥፎ ስንት ዓመት ስራ ሳይጀምር ቆሟል። "መቼ ይጀምራል?" ተብሎ ሲጠየቅ ለሚኒስትሩ መመለስ ቀላል ነው። "ኤሌክትሪኩን የሚያስገባው የትኛው መስሪያ ቤት ነው፣ ዘንድሮ ለሱ ስንት ብር ተመደበ፣ የተበደርነውንስ ማን እየከፈለ ነው?" ሲባል ግን ፋይል ይዞ መምጣት አለበት። የዋናው ኦዲተር ሪፖርትም ለዚሁ ምክር ቤት ነው የሚቀርበው፣ እዛ ውስጥ የተዘጋጀ ጥያቄ ሞልቷል፣ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። በ1965 እና 66 ወገናችን በረሃብ ሲረግፍ አዲስ አበባ ፓርላማ ነበር፣ በ1948ቱ ሕገ መንግስት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በምርጫ ነበር የሚገቡት፣ ሚኒስትሮቹን ግን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሡ ነው። ረሃቡ ተደብቆ ከረመ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለስልጣን መጠየቅ የጀመረው በ66 አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ነው፣ ያኔ ስንቱ አልቆ። ስለዚህ ጥያቄ በሰዓቱ ካልተጠየቀ ሰው ይሞታል፣ ይሄን አጋንኜ አይደለም የምላችሁ።

እና እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ተመራጩን መስደብ ተውት፣ አስታጥቁት። የወረዳውን በጀት ፋይናንስ ፅህፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈም ፎቶ አንሱት፣ ቆሞ የቀረውን ስራ ከነቦታው ከነቀኑ ፃፉለት፣ አምስት ጉዳይ አትደርድሩ አንድ ይበቃል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ ከሰኔ በፊት ድረሱ። የተመራጫችሁን ስልክ ተቀበሉና ጉባኤው ባለቀ ማግስት ደውሉ፣ "ምን ብለው መለሱልዎት? እርስዎስ ከዛ በኋላ ምን አሉ?" በሏቸው።