ማኅበሩ ሥራ አይሰጥሽም፤ ሥራሽ የሚገባው ሰው ግን እዚያ አለ

ባለፈው ሳምንት በኬሚስትሪ የተመረቀች ልጅ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ስሟንና የከተማዋን ስም ትቼ፣ በእሷ ፈቃድ፣ ፍሬ ነገሩን ላስቀድም።

«ጋሼ፣ ከተመረቅኩ ዘጠኝ ወሬ ነው። ውጤቴ 3.24 ነው፤ የመውጫ ፈተናውንም በአንዴ አልፌያለሁ። ቴሌግራም ላይ ያየሁት የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ አመልክቻለሁ። ወይ የሁለት ዓመት ልምድ ይላሉ፣ ወይ ጭራሽ አይደውሉም። አባቴ አካውንቲንግ በማታ ተማሪ እያለኝ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ የኬሚስቶች ማኅበር አለ፣ አባል ሁኚ አለችኝ። የፕሮፌሰሮች ማኅበር እኔን ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት። ዘመድ የለኝም። ሲኒየር ፕሮጀክቴን የሠራሁት በከተማችን የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ባለው ፍሎራይድ ላይ ነበር፤ እሱም መደርደሪያ ላይ ቀረ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ዘጠኝ ወር ስልክ መጠበቅ ከባድ ነው። ስልኩ ጢን ባለ ቁጥር ልብሽ ዘሎ፣ የቴሌ መልእክት ሆኖ ሲገኝ ያለውን ስሜት ከብዙ ልጆች ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ዝም ብለሽ ታገሺ አልልሽም።

ሲቪሽን ከደብዳቤሽ ጋር ስላያያዝሽልኝ ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው። ሲቪሽ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን የምቋቋም» ይላል። እንዲህ የማይል ሲቪ አይቼ አላውቅም። ፕሮጀክትሽ አንድ መስመር ብቻ ተሰጥቶታል፣ እሱም ርዕሱ ነው። በስልክ ሳወራሽ ግን ሌላ ሰው አገኘሁ። «ኤሌክትሮዱን እንዴት ካሊብሬት አደረግሽው?» ስልሽ ሳታመነቺ «በአምስት ስታንዳርድ። የመጀመሪያው ቀን ስሎፑ 49 መጣ፤ ስታንዳርዱን ደፍቼ እንደ አዲስ አዘጋጀሁና 57 ሆነ» አልሽኝ።

ይህን ስሰማ እስክሪብቶ አነሳሁ። ለሌላው አንባቢ ላስረዳ፦ ኤሌክትሮዱ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ስታንዳርድ ደግሞ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ ነው፣ መሣሪያው የሚስተካከለው (ካሊብሬት የሚደረገው) በእሱ ነው። የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ውሃው ውስጥ ያለው መጠን በአሥር እጥፍ በተለወጠ ቁጥር፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ንባቡ 59 ሚሊቮልት ገደማ መለወጥ አለበት። ስሎፕ የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ከዚያ በጣም ከወረደ ወይ ስታንዳርዱ ተበላሽቷል፣ ወይ ኤሌክትሮዱ ደክሟል። ብዙ ተማሪ 49 ቢያይም ሰዓት ስለሄደበት ናሙናውን ለክቶ ሪፖርቱን ይጽፋል። አንቺ ደፋሽው። አንድ የላብ ኃላፊ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር አጥብቆ የሚፈልገው ይህንን ነው፣ የማያምነውን ቁጥር የማይጽፍ ሰው።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ የሰው ኃይል ቢሮ ውስጥ ማመልከቻ የሚለየው ሰው 49 እና 57 ምንም አይሉትም። ቢገቡት እንኳ ሲቪሽ ላይ የሉም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልግሻል፦ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ማውጣት፣ ከዚያ ቁጥሩ የሚገባው ሰው ፊት መቆም። የማኅበሩ ነገር የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው።

ጓደኛሽ የነገረችሽ የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲን ነው። የፕሮፌሰሮች ነው ማለትሽ ከምንም ተነስተሽ አይደለም፤ የሚመሩት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፣ መጽሔቱም አድራሻው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ነው። ግን ምን እንደሠሩ እይ። ቡለቲን የሚባለው መጽሔታቸው እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ እየወጣ ነው። በዚህ አገር መጽሔት ጀምሮ ማቆየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ይሄኛው መንግሥት ሲለወጥም፣ በጀት ሲጠፋም አልተቋረጠም። ዛሬ ከሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎችም ይጽፉበታል፣ ኢንተርኔት ላይም በነፃ ይነበባል። የአፍሪካ ኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም ይህን የማያውቅ የኬሚስትሪ ምሩቅ ስንት እንደሆነ ሳይ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. 2011 ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ዓመት ተብሎ በመላው ዓለም ተከብሯል፤ ማሪ ኩሪ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት መቶኛ ዓመት ነበር። ለተባበሩት መንግሥታት የውሳኔ ሐሳቡን ያቀረበችው አገር ማን መሰለችሽ? ኢትዮጵያ ናት። ጠቅላላ ጉባኤው በታኅሣሥ ወር 2008 እ.ኤ.አ. አጸደቀው። ከጀርባው ደብዳቤ የጻፉ፣ ስብሰባ የተቀመጡ፣ ደጅ የጠኑ ኬሚስቶች አሉ። አንቺ «ምን ያደርግልኛል» ያልሽው ሙያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ያሉት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ማኅበሩ የሥራ ቅጥር ኤጀንሲ አይደለም። አባል ሆነሽ መታወቂያ ስለያዝሽ የሚደውልልሽ የለም። የሚጠቅምሽ ዓመታዊ ጉባኤው ነው፣ በተለይ ፖስተር፣ ማለትም ጥናትን ባጭሩ የያዘ ትልቅ ወረቀት፣ የሚለጠፍበት ሰዓት። ያኔ ሰው ቡናውን ይዞ እየዞረ ያነባል፣ ይጠይቃል። የሚመጣው መምህር ብቻም አይደለም። እንዲህ ባሉ መድረኮች ላይ የውሃና የምግብ ላብ ሰዎች፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ኳሊቲ ኮንትሮል ኃላፊዎች፣ የላብ ዕቃና ኬሚካል የሚያስመጡ ድርጅቶች ሠራተኞች አጋጥመውኛል። የመጨረሻዎቹን ተመራቂ አይቆጥራቸውም፤ መሣሪያ ሸጠው ሲያበቁ ደንበኛው ላብ ሄዶ አሠራሩን የሚያሳይ ኬሚስት ግን ይፈልጋሉ።

ከዓመታት በፊት የመከርኩት አንድ ልጅ በበርበሬ ውስጥ ስላለ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) የሠራውን ፕሮጀክት ፖስተር አድርጎ ይዞ ሄደ። ፖስተሩ አያምርም ነበር፤ ፊደሉ ደቂቅ፣ ግራፉ የደበዘዘ። አንዲት የግል ላብ ኃላፊ ቆመው አነበቡና «ብላንክህ ስንት አነበበ?» አሉት። ብላንክ ናሙናው ሳይገባበት ለማነጻጸሪያ የሚለካው ፈሳሽ ነው። ልጁ ቁጥሩን አላስታወሰም። መቀባጠር ይችል ነበር። እሱ ግን «አንዴ ይጠብቁኝ» ብሎ ከቦርሳው የላብ ደብተሩን አወጣ፣ አሲድ ጫፉን የበላው ደብተር፣ ገጹን ገልጦ አሳያቸው። ሴትየዋ ፖስተሩን ትተው ደብተሩን ማገላበጥ ጀመሩ። ቀኑ ተጽፏል፣ የተሰረዘው በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ ምክንያቱ ተጽፏል። ስልኩን ተቀበሉት። ከሁለት ወር በኋላ ለሦስት ወር ጊዜያዊ ሥራ ጠሩት፣ ያውም በትንሽ ደመወዝ። እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ አሁን እሱ ነው አዳዲሶቹን «ብላንካችሁ ስንት ነው?» የሚለው።

ዘመድ የለኝም ያልሽው ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራ ሰው በሰው የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው፣ አይካድም፣ ያበሳጫልም። ግን ያቺ ሴትዮ ለዚያ ልጅ ምኑም አልነበሩም።

የላብ ደብተርሽ አለ አይደል? እባክሽ አለ በይኝ። እናትሽ ወረቀት ስታቃጥል እንዳይሄድ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው።

ከዚያ ሲቪውን አስተካክዪ። «ታታሪ» የሚለውን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ አውጪው። በቦታው የሠራሽውን ጻፊ፦ ከስምንት ጉድጓድ ውሃ ናሙና ወስጄ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ለካሁ፤ በአምስት ስታንዳርድ ካሊብሬት አደረግሁ፣ ስሎፑ 57 ሚሊቮልት፤ እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ አምስቱ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ሆኑ። ከናሙናው ጋር የሚቀላቀለውን ቲሳብ የሚባል ፈሳሽም ራስሽ እንዳዘጋጀሽው ነግረሽኛል፣ ይጻፍ። ቃለ መጠይቅ ላይ ለምን ትጨምሪዋለሽ ቢሉሽ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) እንደሚያስተካክል፣ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር የተያያዘውን ፍሎራይድ እንደሚያላቅቅ ቀስ ብለሽ አስረጂ። አይኤስኦ 17025 የሚባለውን የላብራቶሪዎች ደረጃም አንብቢ፤ የተፈተሸ ዘዴ፣ የታወቀ የስህተት ወሰን፣ ወደ ምንጩ የሚመለስ ስታንዳርድ ይላል። አንቺ ስሙን ሳታውቂ ሩቡን ሠርተሽዋል።

ግን ከሥራ በፊት አንድ የምጠይቅሽ አለ። ያንን ውጤት ለከተማችሁ ውሃ አገልግሎት ሰጥተሻቸዋል? ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አድገሽ ጥርሱ የበለዘ ልጅ ምን እንደሚመስል እኔ አልነግርሽም። ሲብስ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። አምስት ጉድጓድ ከልክ በላይ መሆኑን የሚያውቀው አንቺና አድቫይዘርሽ ብቻ ከሆናችሁ ልክ አይደለም። አንድ ገጽ ጻፊ፣ በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋም፣ ሠንጠረዡን አስገቢ፣ የሥራ ሂደቱን ኃላፊ አግኝተሽ በእጃቸው ስጪ። ሥራ ስጡኝ አትበይ። «የለካሁት ይህ ነው፤ በድጋሚ ይለካ ካላችሁ አግዛለሁ» በይ። የዘረዘርሽልኝ ማመልከቻ ውስጥ አንድም የውሃ መሥሪያ ቤት አላየሁም፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ለጉባኤው አብስትራክት (የጥናትሽን አጭር ማጠቃለያ) ስትልኪ ብቻሽን አትላኪ፣ አድቫይዘርሽን ጠይቂ፣ ስማቸውም ይግባ፤ ሥራው የሁለታችሁ ነው። እስከዚያ ቡለቲኑ ውስጥ ገብተሽ ፍሎራይድ ብለሽ ፈልጊ። የአገራችን ውሃ ላይ የተሠራ ጽሑፍ ታገኛለሽ፤ የደራሲው ኢሜይል እዚያው ተጽፏል። አንዱን በደንብ አንብበሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦

«የተከበሩ ዶክተር፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የጻፉትን አነበብኩ። እኔም በከተማዬ ስምንት ጉድጓድ ለክቼ ነበር። የእርስዎ ናሙና በዝናብ ወቅት የተወሰደ ነው፣ የእኔ በበጋ። ልዩነቱ ከዚህ የመጣ ይመስልዎታል? ጊዜ ካገኙ ሐሳብዎን ብሰማ ደስ ይለኛል።»

ሲቪ አታያይዢ። እገሌ ጋ አገናኙኝ አትበይ። ጥያቄው እውነተኛ ይሁን፣ መልሱን ለማወቅ የምትፈልጊው። እንዲህ ለአምስት ሰው ጽፈሽ አንዱ ቢመልስልሽ ጉባኤው ላይ ሄደሽ «እኔ ነኝ ያቺ የጻፍኩልዎት» የምትይው ሰው አገኘሽ ማለት ነው። ዓይን አፋር እንደሆንሽ ከድምፅሽ ታውቆኛል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ አንቺ ግን ብዙ ማውራት አይጠበቅብሽም፣ ስለ ውሃሽ ስትጠየቂ አፍሽ እንደሚፈታ በስልክ ሰምቻለሁ።

በዚህ መሀል እጅሽ እንዳይፈታ የተማርሽበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂጂ። በ2011ዱ የኬሚስትሪ ዓመት የዓለም ተማሪዎች አንድ ላይ የሠሩት የውሃ ሙከራ ነበር፤ የአካባቢያቸውን ውሃ ፒኤችና ጨዋማነት ለኩ፣ አጣሩ፣ በፀሐይ ሙቀት አተነኑ። ብዙ ዕቃ አይፈልግም። የኬሚስትሪ መምህሩን አስፈቅደሽ ከአንድ ክፍል ጋር ሥሪው፣ የሆነውንም መዝግቢ። ቅድም ያነሳሁልሽ የአፍሪካ ኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚያሳትመው የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት አለው፣ ስለ ማስተማር ሙከራዎች የተጻፈ ብዙ ነገር ታገኚበታለሽ።

ተጠንቀቂ የምልሽም አለ። ስምሽ አንድ ቦታ መታየት ሲጀምር «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በጉባኤያችን ንግግር እንዲያደርጉ ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ይመጣልሻል፣ ከዚያ በዶላር ክፈዪ ይላል። ዝጊው። ለሥራ አስቀድመሽ ክፈዪ የሚልሽንም እንደዚሁ። የማኅበሩን የአባልነት ክፍያ ራሱ፣ የተማሪና የአዲስ ምሩቅ ቅናሽ እንዳለ ጠይቀሽ፣ ደረሰኝ ተቀብለሽ ክፈዪ። የምግብሽን ብር ግን አትንኪ፤ ቡለቲኑን ለማንበብም ሆነ ኢሜይል ለመጻፍ አባልነት አያስፈልግም።

አባትሽን በተመለከተ፣ አካውንቲንግ ተማሪ የሚሉሽ ስለሚጨነቁልሽ ነው፣ አትጣያቸው። ስድስት ወር ጠይቂያቸው። «እስከ ፋሲካ እንዲህ እንዲህ አደርጋለሁ» ብለሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳያቸው። ቢራ ፋብሪካ፣ ስኳር ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ፣ ቆዳ፣ መድኃኒት፣ ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ላብ አይሠሩም፣ ላብ ደግሞ ያለ ኬሚስት። ስድስት ወር ሞክረሽ ካልሆነ እንደገና እናወራለን፤ የማታ ትምህርቱም የትም አይሄድም።

ለአሁኑ ከእኔ ጋር የቀረሽ ሥራ አንድ ነው። የስምንቱን ጉድጓድ ውጤት በሁለት መቶ ቃል አብስትራክት አድርገሽ እስከ እሑድ ላኪልኝ። ስሎፑን እንዳትረሺ።