መልስ፦ አምስት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ብቻ ወደ ፊት

ሞተሩን መሃል ላይ ባስገባህበት መኪና ላይ የፖርሽ 911 ካምቢዮ ገጥመህ፣ አምስቱ ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንዱ ብቻ ወደ ፊት ለምን እንደሚነዳ ጠይቀሃል። ካምቢዮህ አልተበላሸም፤ ዞሮ ስለታሰረ ነው። በ911 ላይ ሞተሩ ከካምቢዮው በስተኋላ ነው የሚቀመጠው። አንተ ሞተሩን መኪናው መሃል ላይ ስታስገባው ከካምቢዮው ፊት ሆነ፣ ጎማው በተቃራኒው ዞረ።

ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ክፍል) ፍታና ኮሮናውን (ትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት) ከፒኞኑ (ኮሮናውን ከሚያዞረው ትንሽ ጥርስ) ወደ ሌላኛው ጎን አዙረው። ፖርሽ ራሱ ሞተሩ መሃል ላይ ላለው 914 ያደረገው ይህንኑ ነው። ካምቢዮውን ገልብጠው የሚያስሩም አሉ፤ የዘይቱ ጣጣ ግን ብዙ ነው፣ አልመክርህም። (የኦዲ ካምቢዮ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ! እዚያ ሞተሩ ድሮውንም ከፊት ነው።)

አደራ፣ ስትገጥመው የድሮውን ሺም (ክፍተት ማስተካከያ ስስ ቀለበት) እንዳለ አትመልስ። በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርሶች መሃል ያለው ክፍተት፣ የኩሽኔቱም ጥብቀት እንደ አዲስ ይለካ። ሳይለካ የተዘጋ ካምቢዮ መጀመሪያ ሲያፏጭ፣ ከዚያ ጥርሱን ሲበላ አይቻለሁ።