«ምን ልበል አባባ?» ብላ ዝም ላለች ልጅ

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው። አባቴ ደም ግፊት ከያዛቸው ጀምሮ፣ ላለፉት ሰባት ዓመታት የማስታምማቸው እኔ ነኝ። ጨው የሌለው ምግብ ሳቀርብላቸው ይቆጣሉ። ሁለቱ እህቶቼ ውጭ አገር ይኖራሉ። በፋሲካ ዕለት አባባ ለእነሱ ደውለው «ከሦስታችሁ አብልጣ የምትወደኝ ማን ናት? ቤቱን ለማን ልስጥ?» አሉ። እህቶቼ እያለቀሱ ፍቅራቸውን ገለጹ። እኔ «ምን ልበል አባባ?» ብዬ ማድ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ «ልበ ደንዳና» ይሉኛል፤ ቤቱንም ለእህቶቼ በስጦታ ሊያዛውሩ ነው። ጓደኛዬ «አንቺ የንጉሥ ሊር ልጅ ኮርዴሊያ ነሽ፤ ዝም በያቸው» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰባት ዓመት አስታሞ «ልበ ደንዳና» መባል ያንገበግባል። የጓደኛሽን ምክር ግን አልቀበልም።

በ1606 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የታየው፣ ጓደኛሽ የጠቀሰችው የሼክስፒር ተውኔት «ንጉሥ ሊር» አጀማመሩ የእናንተን ፋሲካ ይመስላል። ሰማንያ ያለፈው ሊር ካርታ አስዘርግቶ አገሩን ለሦስት ሴት ልጆቹ ሊያካፍል ይቀመጥና የፍቅራቸውን መጠን ይጠይቃል። ጎነሪልና ሬገን ቃል ያሳምራሉ። ኮርዴሊያ «ምንም» ትላለች፤ ሲያስጨንቃት ልጅ ለአባቷ የሚገባትን ያህል እንደምትወደው፣ እንደማይበልጥም እንደማያንስም ትነግረዋለች። እውነቷን ነው። ሽማግሌው የሰማው ግን በቁና የተሰፈረ ፍቅር ነው፤ ድርሻዋን ነፍጎ ያባርራታል። ይህን ትዕይንት ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ፣ ከሦስቱ አንዷ እንኳ «አባታችን፣ ምን ፈርተህ ነው?» ብላ አለመጠየቋ ነው።

አባትሽም የጠየቁት ስለ ቤቱ ብቻ አይመስለኝም። በሰው እጅ የወደቀ አዛውንት «የምሰጠው ካለቀ ማን ይፈልገኛል?» የሚል ሥጋት ያድርበታል። ዝምታሽን የዚህ ሥጋት መልስ አድርገው ወስደውት ይሆናል።

እህቶችሽን እንደ ጎነሪልና ሬገን አትያቸው። እነዚያ አገሩን ከተረከቡ በኋላ የአባታቸውን 100 አጃቢዎች ወደ 50፣ ወደ 25 እያወረዱ «አንድስ ምን ያደርግልሃል?» ያሉ ናቸው። ያንቺ እህቶች እጃቸው ስለማይደርስ ያላቸው ቃል ነው፤ አንቺ ደግሞ እጅሽ ስለሚሠራ ቃሉን ተውሽው።

ከዚህ ተውኔት ጋር የሚቀራረብ፣ በብዙ አገር የሚነገር ተረት አለ፤ ልጅቱ አባቷን «እንደ ጨው እወድሃለሁ» በማለቷ ትባረራለች፤ አባትየው ፍቅሯ የሚገባው ጨው የሌለው ምግብ የቀረበለት ቀን ነው። አንቺ የምትወጃቸው ጨው በመከልከል ነው። ይህን ግን ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ጠዋት ግፊታቸውን ስትለኪ፣ ክንዳቸው በእጅሽ እንዳለ «አባባ፣ ጨው የምከለክልዎት እንዳላጣዎት ፈርቼ ነው፤ ያን ዕለትም ዝም ያልኩት ቃል አንቆኝ ነው» በያቸው። የእህቶችሽን ስም አታንሺ፤ ማወዳደር ከጀመርሽ እንደገና ፈተናው ውስጥ ገባሽ።

የቤቱን ጉዳይ ለይተሽ ያዥው። ስጦታ አንዴ ከተፈጸመ መመለሱ ከባድ ነው፤ ኑዛዜን ግን ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ሊሽረው ይችላል። ይህን ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት የንስሐ አባታቸው ወይም የሕግ ባለሙያ ቢያስረዳቸው ይሻላል። ለእህቶችሽም ደውለሽ ድካምሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ሸክሙን ይካፈሉሽ።

ሊርና ኮርዴሊያ ይታረቃሉ። ሽማግሌው ከሕመሙ ነቅቶ ሊንበረከክላት ይሞክራል፤ ልትጠላው ምክንያት እንዳላት ሲነግራት «ምንም ምክንያት የለኝም» ትለዋለች። ዕርቁ ግን የመጣው በጦርነት መሐል ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ ይማረካሉ፣ እሷም በእስር ቤት ትገደላለች። የአንቺ አባት ያሉት ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ አነጋግሪያቸውና የሆነውን ጻፊልኝ።