የእኔ ውጤት «ምንም አልተገኘም» ነው፤ ታዲያ ነጻ ነኝ?

ጥያቄ፦ እናቴ በ44 ዓመቷ በጡት ካንሰር አረፈች። ታላቅ እህቴ ላይ ደግሞ በ39 ዓመቷ ተገኝቶ ታክማለች። እኔ 36 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዘረመል ምርመራ አድርጌ «ምንም አልተገኘም» ተባልኩ። አሁን ደግሞ «በኤፒጄኔቲክስም ይወረሳል» ሲባል ሰማሁ። ሌላ ምርመራ ላድርግ?

መልስ፦ እህትዎ ተመርምረዋል? ከሁሉ በፊት ይህ ይጣራ፤ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የታመመው ሰው ነውና። በእሳቸው ላይ ለምሳሌ ብራካ1 በተባለው፣ ሲበላሽ ለጡት ካንሰር በሚያጋልጠው ዘረመል ላይ ጉድለት ተገኝቶ እርስዎ ዘንድ ያው ጉድለት ከሌለ፣ አልወረሱትም። እሳቸው ካልተመረመሩ ግን የእርስዎ ውጤት ብዙም አይናገርም፦ ወይ ጉድለቱ ቤት ውስጥ ኖሮ እርስዎን አልፎዎታል (ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው)፣ ወይ ቤተሰቡን የሚያጠቃው ምርመራው የማያየው ነገር ነው። ሁለተኛው ከሆነ ስጋቱ እርስዎም ጋር አለ።

ኤፒጄኔቲክስ፣ ማለትም ፊደሉ (የዲኤንኤው ጽሑፍ) ሳይለወጥ ዘረመሉ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት መንገድ፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሜቲል የተባለ፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ቅንጣት በዘረመሉ መነሻ ላይ ሲለጠፍ ዘረመሉ ይዘጋል፤ ፊደሉ ደህና ነው፣ ግን አይነበብም። ብራካ1 እንዲህ ሲዘጋ የተሰበረ ዲኤንኤ የሚጠግነው ፕሮቲን ይጓደላል። የተለመደው ምርመራ ፊደሉን እንጂ ልጣፉን አያነብም። ይሁንና ፅንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዛኛውን ልጣፍ ስለሚያራግፍ፣ ልጣፉ እንዳለ ከእናት ወደ ልጅ መውረዱ ብርቅ ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ላይ የወጣ ጥናት ጉዳዩን ያሳያል። የብራካ ጉድለት ካልተገኘባቸው 49 ቤተሰቦች በሁለቱ ብራካ1 በልጣፍ ተዘግቶ ተገኘ። ሲመረመር ግን የወረደው ልጣፉ ራሱ አልነበረም፤ ከዘረመሉ መነሻ አጠገብ አንዲት «ኤ» ፊደል ወደ «ቲ» ተለውጣ ነበር፣ ልጣፉን የምትጠራው እሷ ናት። እንግዲህ «ኤፒጄኔቲክ» የተባለው ውርስም ቢሆን ሥሩ ብዙ ጊዜ ፊደል ላይ ነው።

ስለዚህ ልጣፍ ፍለጋ ገንዘብ አያውጡ፤ መደበኛው ክትትል የሚመራው በዚያ አይደለም። ይልቅ የውጤት ወረቀቱን ይመልከቱ፤ ብራካ1ና 2 ብቻ ከሆነ ፓልቢ2፣ ቼክ2 እና ኤቲኤም የተባሉ ሌሎች ዘረመሎች ያሉበት ሰፊ ምርመራ ለእህትዎ ይጠየቅ። «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ቢመጣ ጉድለት ተገኘ ማለት አይደለም፤ አፍሪካውያን በጥናት በበቂ ሁኔታ ስላልተካተቱ እኛ ላይ ይበዛል፣ በእሱ ተመርኩዘው ጡት አያስወግዱ።

የዘር ሐረጉን ሦስት ትውልድ ይጻፉ፣ የአባትንም ወገን፤ ጉድለቱን አባትም ያወርሳልና። አገር ቤት «እባጭ» ተብሎ የታለፈ፣ የማህፀን ተብሎ የተነገረ የእንቁላል እጢ ካንሰር ሊኖር ስለሚችል አክስቶችዎን ዕድሜውን ጨምረው ይጠይቁ።

ክትትሉ ምርመራውን አይጠብቅም። የዘረመል ውጤት ባይገኝም፣ በቤተሰብ ታሪክ የተሰላው የዕድሜ ልክ ስጋት 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ በየዓመቱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) እና ኤም አር አይ ይመከራል። መነሻው ከቤተሰቡ በትንሹ ዕድሜ ከታመመው ሰው 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ ማሞግራም ግን ከ30 በፊት አይጀመርም። እህትዎ በ39 ታመዋል፣ እርስዎ 36 ነዎት፤ ቀጠሮውን በዚህ ወር ያስይዙ።