ሶላር ተክሎ መብራት መሸጥ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከከተማ ወጣ ብሎ ግማሽ ሄክታር መሬት አለን። ሶላር ተክለን ለመብራት ኃይል መሸጥ እንችላለን?

በዚህ በኩል ባትሄዱ ይሻላል። ለዋናው መስመር የሚሸጡት ትልልቆቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአፋርና በሶማሌ ክልል ለታሰቡ ሁለት 125 ሜጋዋት ጣቢያዎች ጨረታውን ያሸነፈው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚህ ዋጋ አንድ ቤተሰብ ወጪውን አይመልስም። የእናንተ ገበያ መስመር ያልደረሰበት ገጠር ነው። እዚያም ቢሆን ለሌላ ሰው ለመሸጥ ፈቃድ ግድ ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ሪያድ ነው የምሠራው። ወንድሞቼ ያሉበት ገጠር መብራት የለም። ለ100 ቤት 10 ኪሎዋት ይበቃል?

ለአምፖል፣ ለስልክ ቻርጅና ለትንሽ ቴሌቪዥን ከሆነ ይቀራረባል። 10 ኪሎዋት በጥሩ ፀሐይ በቀን 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። አንድ ቤት 0.3 ቢጠቀም መቶው ቤት 30 ይወስዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። አንድ ቤት አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግር የአሥር ቤት መብራት ጨረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ገደብ ያለው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በየቤቱ ይግባ።

እኔ ብሆን ግን ከመቶው ቤት በፊት የቀን ደንበኛ ነው የምፈልገው። አምፖል የሚበራው ማታ ነው። ማታ የሚሸጠው ሁሉ በባትሪ በኩል ያልፋል፤ ባትሪ ደግሞ ውድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ቀን የሚሸጠው ከፓኔሉ በቀጥታ ይሄዳል። ፀጉር ቤት፣ የውኃ ፓምፕ፣ ብየዳ ቤት፣ ወፍጮ ካለ ወንድሞችዎ ያነጋግሩ። የናፍጣ ወፍጮ ያለው ሰው በወር ለነዳጅ ስንት እንደሚያወጣ ይንገራቸው፤ ዋጋችሁን ከዚያ ተነሥታችሁ አውጡ። ወፍጮ ከገባ ግን 10 ኪሎዋት አይበቃም። ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባልና ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ መሣሪያ ይገጠምለት።

የሚልኩትን ብር በሙሉ ፓኔል ላይ አይጨርሱት። ጥሩ ፓኔል 25 ዓመት ይሠራል። የሊቲየም ባትሪ ግን አሥር ዓመት ገደማ ነው፤ እንደ መኪና ባትሪ ያለው ሊድ አሲዱ ከዚያም በጣም ያነሰ። ከየወሩ ገቢ ለባትሪ መተኪያ የሚሆን ይቀመጥ።

ክረምትስ እንዴት እንሆናለን?

ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሒሳቡን በነሐሴ ፀሐይ ሥሩ፣ በጥር አይሁን። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይበል፤ ዝናቡ አቧራውን ያወርድለታል። በበጋ ጠዋት ሳይሞቅ እጠቡት። አጠገቡ ባሕር ዛፍ አይኑር፤ አንዱ ፓኔል ላይ ያረፈ ጥላ ከእሱ ጋር የተያያዙትንም ያዳክማል።

ሁለት ዓመት ሠርተን ዋናው መስመር ቢመጣብንስ?

ይህን መጠየቃችሁ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የመብራት ኃይል ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ያም ሆኖ ከእናንተ ሊረክስ ይችላል፤ ያኔ ደንበኛው ጥሏችሁ ይሄዳል። ወረዳችሁ ሄዳችሁ የዝርጋታ ዕቅዱን ጠይቁ። ቅርብ ከሆነ አትጀምሩ። ሩቅ ከሆነም ምሰሶውንና ሽቦውን በመብራት ኃይል ደረጃ ዘርጉ፤ በኋላ ከዋናው መስመር ጋር ለማገናኘት ይቀላል። መስመሩ ሲመጣ ንብረታችሁ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሳትይዙ ደግሞ አንድ ብር አታውጡ።